ወፍ ያረፈበት ሰዓት

ጋሽ መሐሪ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ፣ ካርቶን እየለጠፍኩ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ስልክ ሲነዝር እኔ መጀመሪያ የሚበርደኝ እጄ ነው፤ የታመመ ልጅ ያላት እናት ታውቀዋለች። አወጣሁና ስሙን አየሁ። የልጄ የቤዛ ትምህርት ቤት አይደለም። አብራኝ የምትሠራው አልማዝ ናት፤ ያን ቀን ዕረፍት ላይ ነበረች።

«ጋሽ መሐሪ አረፉ» አለችኝ። «ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያገኟቸው።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ኪሴ መለስኩና ቀጣዩን ካርቶን ለጠፍኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቀጣዩን። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ልጄ አይደለችም የሚል ነው። ሁለተኛ ሐሳብ አልመጣም። ሺፍቱ እስኪያልቅ ስጠብቀው ነበር፤ አልመጣም። ቀብራቸው ላይም ቆሜ ጠበቅኩት። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ከንፈር እንዴት ነው? ትነኩታላችሁ፣ የሌላ ሰው ይመስላችኋል። እንደዚያ ነኝ።

የሰንበቴያችን ሰዎች፣ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ስለ እሳቸው ይጻፍ ሲሉ ዓይን ሁሉ ወደ እኔና ወደ አልማዝ ዞረ። አልማዝ፣ እኔ አፍ እንጂ እጅ አልተሰጠኝም አለች። እኔም ትምህርቴን ገና ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን አፍ ስለሌለኝ ልጻፈው አልኩ።

ጋሽ መሐሪን እዚህ ክላርክስተን ከተማ ያለ አበሻ ብዙው በመልክ ያውቃቸዋል። ረዥም፣ ቀጭን፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ቲሸርታቸው ላይ ኮት የሚደርቡ ሰው ናቸው። ነጭ ቫን ነበራቸው፤ የጎኑ በር ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። በዚያች ቫን እኔን፣ አልማዝንና ሁለት የጎጃም ወንድማማቾችን ከክላርክስተን ኮንየርስ ከተማ እስካለው መጋዘን ያመላልሱን ነበር። ሾፌር ብቻ አልነበሩም፤ እሳቸውም እዚያው መጋዘን ከእኛ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሠሩ ነበር፤ እኛ እቃውን ካርቶን ውስጥ እንከታለን፣ እሳቸው ካርቶኑን ይደረድራሉ። መኪናዋን ሲያስነሱ «ያላህ» ይላሉ፣ ሲያቆሙ «ኸላስ» ይላሉ። ተወልደው ያደጉት የመን አገር፣ ኤደን ከተማ ስለሆነ ዐረብኛው ከአማርኛቸው ውስጥ ወጥቶ አያውቅም።

እጃቸው ላይ ሰዓት የለም። የቫኗ ሰዓት ላይም የእመቤታችንን ሥዕል በፕላስተር ለጥፈውበታል፤ ቁጥሩ አይታይም። አልማዝ መጀመሪያ የተሳፈረች ቀን አላስቻላትም።

«ጋሽ መሐሪ፣ እመቤታችንን ምነው ሰዓት ላይ ለጠፏት? ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«ሰዓቱ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል» አሏት። «እዚህ ደግሞ አብሮን ይሳፈር?»

ሰዓት የላቸውም ብላችሁ ያረፍዳሉ እንዳትሉ። በባቡሩ ያውቃሉ፤ ጠዋት ጠዋት በክላርክስተን መሐል የሚያልፈው የዕቃ ባቡር ሲጮኽ ቁልፍ ያነሣሉ። በመኪናው ብዛትም ያውቃሉ፣ በሰማዩም ያውቃሉ። መጋዘኑ ደጃፍ ሁላችንንም አውርደው ቫኗን ፓርክ ሊያደርጉ ይሄዳሉ። ፓርኪንጉ ሩቅ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ያኔ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማናችንም አላሰብነውም።

ታዲያ ይህ ሰዓት የማያስር ሰው መንገዱን ሁሉ የሚያወራን ስለ ሰዓት ነው። ስለ አንድ ሰዓት። ኤደን ወደብ ላይ፣ ከኮረብታ ጫፍ፣ እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ ያሠሩት የድንጋይ ማማ አለ። አናቱ ላይ በየጎኑ ሰዓት አለው። ለንደን ያለው ትልቁ ሰዓት አባቱ ነው፣ ይሄኛው ልጁ ነው ይባል ነበር አሉን። አባታቸው የዚያ ሰዓት ጠባቂ ነበሩ። ከሐረርጌ በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው፣ እንግሊዞቹ ዘንድ ተቀጥረው፣ ኮረብታውን እየወጡ በትልቅ የብረት መዘውር ሰዓቱን ይሞላሉ። ጋሽ መሐሪ በልጅነታቸው የዘይቱን ጣሳ ይዘው ይከተሏቸው ነበር።

«ለእኛ ብለው የሠሩት እንዳይመስላችሁ» ይሉን ነበር። «ለመርከቡ ነው። መርከበኛው ባሕር ላይ ሆኖ በመነጽር ያየውና ሰዓቱን ያስተካክላል። እኛ ከሥሩ የኖርን ሰዎች በኋላ ነው የገባንበት።»

እንዴት እንደገቡበትም ነግረውናል። ማንም ቤት ሰዓት አልነበረም። ሶማሌው፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ አበሻው፣ ወደቡ ላይ ዕቃ የሚያወርደው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ኮረብታውን ያያል። ሰዓቱ ሲደውል የወደቡ በር ይዘጋል፤ ውጭ የቀረ ቀረ። ቀና ማለት ልማድ ከመሆኑ የተነሣ ሰው ቆሞ ሲያወራ እንኳ አንገቱ ወደዚያ ይዞር ነበር አሉ፣ ሙሽራ እንኳ በሠርጉ ቀን ሲሄድ። እንግሊዞቹ ከወጡ በኋላ የጋሽ መሐሪ ቤተሰብ ወደ አገር ቤት ገባ። ሰዓቱም ቆሞ ነበር ብሎ በኋላ ኤደን የሄደ ሰው ነግሯቸዋል። ሰዉ ግን ለብዙ ጊዜ ቀና ማለቱን አልተወም።

«የቆመ ሰዓት እያዩ ይሮጡ ነበር» ይሉና ይስቃሉ። ሲስቁ መሪውን በመዳፋቸው ይመቱታል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን የወፉን ታሪክ ነው። አንድ ጠዋት አባታቸው ማማው ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ አንድ የወደብ ሠራተኛ ይሮጣል። ሚስቱ ምጥ ይዟት አድራ ነው ያረፈደው። በሩ ሊዘጋ ነው። ከማማው መንገዱ ሁሉ እንደ መዳፍ ይታያል፤ ሰውዬው እንደማይደርስ አባታቸው አወቁ። ከውስጥ እየተወዛወዘ ሰዓቱን የሚያስኬደውን ብረት በእጃቸው ይዘው አቆሙት። ሰዓቱ ቆመ፣ ደወሉ ዘገየ፣ ሰውዬው ገባ። ከዚያ ለቀቁት። እንግሊዛዊው አለቃ እየተንደረደረ ኮረብታውን ወጥቶ ምን ሆኖ ነው ሰዓቱ የዘገየው ቢላቸው፣ «ጌታዬ፣ ረዥሙ ቆጣሪ ላይ ወፍ አርፎበት ነው» አሉት።

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማነው አላውቅም። በየጊዜው ወፉ ያድጋል። መጀመሪያ እርግብ ነበር። ክረምት ሲመጣ ጭልፊት ሆነ። የሚሮጠውም ሰው እንደዚያው፣ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ወንድሙም ተጨመረ። ወንድማማቾቹ ከኋላ ሆነው ጋሽ መሐሪ፣ ዛሬ ምን ወፍ ነው ይሏቸዋል። አልማዝ፣ ሰጎን ሳይደርስ ከዚህ ሥራ እንውጣ ትል ነበር። እሳቸው አይቀየሙም። «አንቺ ነበርሽ እዚያ?» ይሏታል። «አልነበርሽም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ስሚ።»

አሁን የእኔን ነገር ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የእሳቸው ነገር አይገባም።

ልጄ ቤዛ የሚጥል ሕመም አለባት። መድኃኒቱን የምናገኘው በሥራዬ ኢንሹራንስ ነው፤ ሥራው ከሌለ መድኃኒቱ የለም። መጋዘናችን ደግሞ ማርፈድን በፖይንት ነው የሚይዘው። ሰው በሩ ላይ ባለው ማሽን ባጁን ያስነካል፣ ማሽኑ ደቂቃውን ይይዛል፣ ካረፈደ ፖይንት ይጻፍበታል፣ ፖይንቱ ሲሞላ ይሰናበታል። ማሽኑ ልጅሽ ታማ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። የእኔ ፖይንት ሐኪም ቤት ስመላለስ፣ ትምህርት ቤት ስጠራ ሞልቶ ነበር። አንድ ነበር የቀረኝ። በዚያ ጊዜ እንዴት እንደኖርኩ አላውቅም። ማታ ስተኛ ጫማዬን አላወልቅም ነበር፣ ጠዋት እንዳያቆየኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ቤዛ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቀች። የጥርስ ብሩሿ በእጇ ነበር። እንዳስተማሩኝ በጎኗ አዞርኳት። ውጭ የቫኗ ድምፅ ይሰማኛል። ጋሽ መሐሪ ክላክስ አያደርጉም፤ ቆይተው ደረጃውን ወጥተው አንኳኩ። በሩ ክፍት ነው አልኳቸው። ገብተው አዩን። አላማተቡም፣ አልጮኹም። ኮታቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከራሷ ሥር አደረጉላት። ብሩሹን ከጣቶቿ ቀስ ብለው አላቅቀው እጅ መታጠቢያው ላይ አስቀመጡት።

«ፖይንትሽ ስንት ቀርቶታል?» አሉኝ።

«አንድ።»

«ትንቃልሽ። ሰው ያዢላትና ቀስ ብለሽ ነይ፤ በሩ ላይ ነን።»

ወጡ። ቫኗ ስትሄድ ሰማሁ። በሩ ላይ ነን ያሉትን ለማጽናናት ነው ብዬ ተውኩት። ሥራው አለቀ አልኩ በሆዴ። እንደ ድንጋይ ነበርኩ፣ መፍራትም ደክሞኝ ነበር።

ቤዛ ነቃች። እሷ ስትነቃ ሁሌም የምትናደደው በእኔ ነው። «ማሚ፣ አይም ፋይን። ሂጂ በቃ፤ አርፍደሻል እኮ» አለችኝ። ጎረቤቴን፣ ኮንጎአዊቷን፣ ጠርቼ አብራት እንድትቀመጥ ለመንኩና ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ የታክሲው ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር። ያኔ ነው የእመቤታችን ሥዕል ቫኗ ሰዓት ላይ ለምን እንደተለጠፈች የገባኝ።

ፓርኪንጉን በሩጫ አቋርጬ ቀና ስል፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል። አልማዝ፣ ወንድማማቾቹ፣ ሁሉም። ግድግዳ ተደግፈው እጃቸው ላይ ይተነፍሳሉ። ጋሽ መሐሪ ኮታቸው የእኔ ቤት ስለቀረ በቲሸርት ብቻ በሩ መሐል ቆመዋል፤ ረዣዥም እጃቸውን አጣጥፈው።

አልማዝ አየችኝ። «መጣሽ? እግሬ የማን እንደሆነ አላውቀውም። ልጅቷስ?»

«ነቅታለች።»

«ተመስገን። ግቢ እንግዲህ። እሷ ሳትነካ ማንም ባጅ አይነካም ብለው ሽማግሌው በረዶ ሊያደርጉን ነው። እኛም ልጆች አሉን ብላቸው፣ ለዚያ ነው ቁሚ ያልኩሽ ይሉኛል።»

ሱፐርቫይዘሩ ወጣ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። መስመሩ ባዶ ሆኖበት፣ የጭነት መኪናው ቆሞበት ግራ ተጋብቷል። ምንድነው ነገሩ አለ። ጋሽ መሐሪ በእንግሊዝኛቸው «ቫን ፕሮብሌም» አሉትና ቫኗን በአገጫቸው አሳዩት። ቫኗ ምንም ሳትሆን ፓርኪንጉ ላይ ቆማለች። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ በአማርኛ እንዲህ አሉን፦

«ረዥሙ ቆጣሪ ላይ ወፍ አርፏል።»

ወንድማማቾቹ ሳቃቸውን ሊደብቁ ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ። እኔ ባጄን አስነካሁ። ከእኔ ኋላ አልማዝ፣ ከዚያ ወንድማማቾቹ። እሳቸው መጨረሻ።

መስመሩን በሙሉ በአንድ ቀን መቅጣት አልቻሉም። የመጓጓዣ ችግር ነው ተብሎ ለተሳፋሪዎቹ ታለፈ። ቫኗ የእሳቸው ስለሆነች ግን ጥፋቱ በእሳቸው ተጻፈ። ለካ የእሳቸውም ፖይንት ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እኛን በር ላይ አውርደው ቫኗን ከሩቅ አቁመው እስኪመጡ በየጊዜው የተጻፈባቸው ነው። በዚያው ሳምንት አሰናበቷቸው። እኔ የሰማሁት ከአልማዝ ነው። ማታ ቫኗ ውስጥ ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ኸላስ። ጀርባዬም ደክሞ ነበር» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ማመስገን ከፈለግሽ አባቴን አመስግኚ» አሉ።

ማመላለሱን አልተዉም። እኛን አውርደው ወደ ክላርክስተን ይመለሳሉ፤ ማታ በር ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን። የወፉን ታሪክ ግን ከዚያ በኋላ አልነገሩንም። ወንድማማቾቹ ቢጎተጉቷቸውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ይሉ ነበር።

ለቅሶው ላይ እህታቸው እትዬ አመለወርቅ ከዳላስ መጡ። ታላቃቸው ናቸው፤ በቁመት አንድ ናቸው፣ እጃቸውን ሲያጣጥፉም አንድ ናቸው። የጋሽ መሐሪ ሳሎን ጠባብ ስለሆነ እኛ የቫኑ ሰዎች አንድ ጥግ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሰዉ ከለቅሶ ወደ ጨዋታ ሲመለስ አልማዝ የወፉን ነገር አነሣች። እንዴት እንዳደገ፣ ከእርግብ ተነሥቶ ጭልፊት እንደሆነ። ሰዉ ሳቀ። እትዬ አመለወርቅ አልሳቁም።

«የምን ወፍ?» አሉ።

አልማዝ ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ ምጥ የያዛትን ሴት፣ የሚሮጠውን ሰው፣ አባታቸው ብረቱን በእጃቸው ማቆማቸውን። እትዬ አመለወርቅ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እያጠፉ ሰሟት። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ሰውዬው እውነት ነው» አሉ። «ጎረቤታችን ነበር። ሚስቱም እውነት ናት። አባባ ግን አላቆሙትም። ያቆመው መሐሪ ነው። ሕፃን ነበር፣ ሰውዬውን ከላይ አየውና ብረቱን በሁለት እጁ ያዘው። አባባ፣ እጅህን አንሳ አሉት።»

«ከዚያስ?» አለች አልማዝ።

«አነሣ። ደወለ። በሩ ተዘጋ።»

እትዬ አመለወርቅ ቀጠሉ። ሰውዬው ሥራውን አጣ፤ አራሷን ይዞ ከሰፈሩ ለቀቀ። እናታቸው አራሷን ለመጠየቅ የያዙት ምግብ በእጃቸው እንዳለ ባዶ ቤት ደረሱ። አባታቸው እንግሊዞቹ እስኪወጡ ድረስ ሰዓቱን ሞሉ፤ አንድ ቀን አልዘገየባቸውም።

«ክፉ ሰው አልነበሩም» አሉ። «ልጆቹ ብዙ ነበርን። ፈሩ። መሐሪ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጁ ላይ ሰዓት አላሰረም። ለሠርጉ የገዛሁለትን እንኳ ሳጥኑን ሳይከፍት መለሰልኝ። እኔ ኮርቶብኝ መስሎኝ ተቀይሜው ነበር።»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዳንዱ ስለ ጋሽ መሐሪ አዘነ፣ አንዳንዱ ስለ ሰውዬው። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያሰብኩት አባታቸውን ነው። እዚያ ማማ ላይ የቆሙትን፣ ልጆቻቸውን እያሰቡ እጅህን አንሳ ያሉትን። የሳቸውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ በልኬ የተሰፋ ልብስ ነው የሚመስለው። ጋሽ መሐሪን ግን አላውቃቸውም። እንዴት ያለ ሰው ነው አባቱን ሌላ ሰው አድርጎ፣ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ሲያወራላቸው የሚኖር? እንባ ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። አልማዝ እጄን ይዛ ስታለቅስ እጄን ሰጠኋት።

ልንወጣ ስንል አልማዝ፣ እንግዲህ የወፉን ነገር እንተወው ወይ አለቻቸው።

«አትተዉት» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «እሱ እንደነገራችሁ ይሁን።»

እትዬ አመለወርቅ ቫኗን ለአልማዝ ተዉላት። የጎኑ በር እንደ ድሮው ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ሥዕሏም ሰዓቱ ላይ እንደተለጠፈች ናት። አሁን አልማዝ ትነዳለች፣ እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ከኋላ፣ የእኔ በነበረው ወንበር ላይ፣ ሕይወት የምትባል ወጣት ገብታለች፤ ገና የአራት ወር ልጅ አላት፤ መጋዘኑ ከገባች ብዙም አልሆናት።

ባለፈው ሰኞ አፓርትመንቷ ደጃፍ ደርሰን ሕይወት አልወጣችም። ጠበቅን። ባቡሩ ጮኾ አለፈ። ስልኳ ላይ ደወልኩ፣ አታነሣም። የእኔ ፖይንት እንደገና እየሞላ ነው፤ ቤዛ ባለፈው ወር ሁለቴ ወድቃለች። እንሂድ ልል ነበር። አላልኩም፤ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ካላወቅኩ የምሞት መሰለኝ። ቆርጬ አልተነሣሁበትም፣ እጄ በራሱ ሄዶ የሥዕሏን ጫፍ ያዘ። ፕላስተሩ በአንድ በኩል ለቀቅ ብሏል። ትንሽ ገለጥ ባደርገው ቁጥሩ ይታየኛል።

«እጅሽን አንሺ» አለች አልማዝ።

ዞራ አላየችኝም። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኗ ደረጃው ላይ ነው። ሞተሩን አጠፋችው።

እጄን አነሣሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሌላው ያዝኩት። ብዙ ተቀመጥን። ከዚያ ሕይወት በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በአንድ እጇ ባጇን ይዛ፣ ደረጃውን በባዶ እግሯ እየሮጠች ወረደች። ወደ ኋላ ተንጠራርቼ በሩን ከውስጥ ከፈትኩላት።